የአምባ ጓሳ ሰዎች የወረዱ ዕለት

እኔ በቀላሉ የምደነቅ ሰው አይደለሁም። ዳባት ተወልጄ፣ ደባርቅ ትዳር ይዤ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ የኖራ ብናኝ ስውጥ የኖርሁ አስተማሪ ነኝ። ስብሰባ ደግሞ እስኪያንገሸግሸኝ አይቻለሁ። ስብሰባ ማለት ላለቀ ነገር ለማጨብጨብ ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ነው ብዬ ካመንሁ ቆይቻለሁ። ያን ቀንም የተነሣሁት በዚሁ እምነቴ ነው። በማግስቱ የነቢያት ጾም ስለሚገባ ሚስቴ ለቅበላ ዶሮ ሠርታ ደባርቅ ትጠብቀኛለች፤ እኔም ስብሰባው በጊዜ አልቆልኝ የሦስት ሰዓቱን መንገድ ስለመጀመር ብቻ ነበር የማስበው።

ትምህርት ቤታችን ያለው እንዶድ ሜዳ ነው። እኔ ምክትል ርዕሰ መምህር ነኝ፤ የስብሰባ ጸሐፊም እኔው ነኝ። እዚህ የወላጅ፣ የመምህርና የተማሪ ኅብረት የሚባል ነገር አለ፤ ስሙ ስለሚረዝምብን ወላጅ ኮሚቴ እንለዋለን። መመሪያው ሰብሳቢውን ወላጆች ይመርጣሉ ይላል። ደግሞም ይመርጣሉ። ብቻ ማንን እንደሚመርጡ ቀበሌው አስቀድሞ ያስብላቸዋል።

ዘንድሮም አስቦላቸው ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ አሻግሬ ከምርጫው አራት ቀን ቀድሞ ቢሮዬ ገባና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ገና ወጣት ነው፤ ቀልጣፋ፣ ስልኩ ከእጁ የማይወርድ፣ ወረዳ ላይ ወንበር የሚጠብቅ።

«መምህር፣ ቃለ ጉባኤውን ከአሁኑ ጻፈው እስቲ፤» አለኝ። «አቶ ሰይፈ ሥላሴ በከፍተኛ ድምፅ ተመረጡ በል። ቁጥሩን ብቻ ክፍት ተወው።»

ጻፍሁት። ምን ላድርግ? ያለፉትን ሁለት ዙሮችም የጻፍሁት እንዲሁ ነው።

የዘንድሮው ግን እንደሌላው ጊዜ አልነበረም። ከእንዶድ ሜዳ በላይ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ የሁለት ሰዓት ዳገት ወጥቶ አምባ ጓሳ የሚባል መንደር አለ። እዚያ ሁለት ክፍል ያላት ቅርንጫፍ ትምህርት ቤት አለችን፤ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ሃምሳ ስምንት ሕፃናት ይማሩባታል። ትልልቆቹ እዚህ ታች ይማራሉ፤ ወንዙ ሲሞላ ከዘመድ ቤት ያድራሉ። አሁን ወረዳው፣ የእንዶድ ሜዳ ተማሪ ከስምንት መቶ ካለፈ አዲስ ብሎክ ይሠራላችኋል ብሎ ቃል ገብቷል። የጎደለን አርባ ተማሪ ነው። አሻግሬ ያንን አርባ የት እንደሚያገኘው ያውቃል። ቅርንጫፏን ዘግቶ ሕፃናቱን ወደ ታች ማውረድ ነው። ለዚያ ደግሞ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ፊርማ ያስፈልገዋል፤ ያለ እሱ ወረቀቱ አይሄድም።

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ቢዘጋ ደስ ይለኝ ነበር። እዚያ የምንመድበው አስተማሪ ሁሉ በወሩ ታምሜያለሁ ይለኛል። እዚህ አራት ዓመት ስሠራ አንድ ቀን እንኳ ወጥቼ አላየኋትም። ልጆቹ ቢወርዱ ምን አለበት፣ እግር አላቸው አይደል፣ እል ነበር።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ወይዘሮ ገበያነሽ የሚባሉ የአምባ ጓሳ ገበሬ መጡ። ባላቸው ሞተዋል፤ ሁለት ትንንሽ ልጆቻቸው እዚያች ቅርንጫፍ ይማራሉ። ቀጠን ያሉ፣ ሲናገሩ ዓይን ዓይን የሚያዩ ሴት ናቸው።

«መምህሬ፣ ለዚያ ለሰብሳቢነቱ ምን ምን ይፈለጋል? ይንገሩኝ እንጂ፤» አሉኝ።

«መመረጥ ነዋ፤» አልኋቸው እየሳቅሁ።

እሳቸው አልሳቁም። «ይሁን፤» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

አሻግሬ የምርጫውን ቀን ሲቆርጥ ግድግዳዬ ላይ ያለውን ካላንደር በጣቱ እየተከተለ ነበር። ሌላ ጊዜ ስብሰባ የሚጠራው በበዓል ቀን ነው፤ ገበሬው ሥራ ስለማይዝ። ዘንድሮ ግን ኅዳር ዐሥራ አራትን መረጠ። ገብሱ ደርሷል፤ በዐሥራ ሁለት የኅዳር ሚካኤል ስለሆነ ሰው ማጭድ አይነካም፤ በነጋታውም ቢሆን ድግሱ አያስነሣውም። ስለዚህ በዐሥራ አራት ያ ሁሉ የአምባ ጓሳ ሰው ያመለጠውን አጨዳ ለመድረስ ማሳው ላይ ይጎነበሳል፤ አራት ሰዓት ደርሶ መልስ ተጉዞ ስብሰባ የሚመጣ አይኖርም። የእንዶድ ሜዳ ሰው ግን ከደጁ ነው፤ ብቅ ብሎ ተሰልፎ ይመለሳል። ተንኮሉ ጥሩ ነበር፤ አድንቄለታለሁ።

ዕለቱ ደረሰ። ሦስት ሰዓት ላይ መቶ የማይሞላ ሰው ከባንዲራው ሥር ተሰበሰበ። ከአምባ ጓሳ የመጡት ወይዘሮ ገበያነሽ ብቻ ነበሩ፤ ዋዜማውን ወርደው ዘመድ ቤት አድረዋል። አሻግሬ ስለ አዲሱ ብሎክ ተናገረ፤ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ሲሚንቶው ወለል። ሰዉም በሙሉ ልቡ አጨበጨበ። ልጆቻቸው አንድ ወንበር ላይ አራት ሆነው የሚቀመጡ ወላጆች ናቸውና አልፈርድባቸውም።

አቶ ሰይፈ ሥላሴ ተጠቆሙ። የወፍጮ ባለቤት ናቸው፤ ደርባባ፣ ሰው የሚያከብራቸው፣ ማንንም ቀና ብለው የማይቆጡ። አሻግሬ ለወጉ ያህል «ሌላ ጥቆማ?» አለ።

«እኔ አለሁ፤» አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ።

ሰው ሳቀ። በእኛ አገር ሰው ራሱን አይጠቁምም። አሻግሬ ግን ደስ አለው፤ ተፎካካሪ ሲኖር ሪፖርቱ ያምራል። «ዲሞክራሲ ነው፤ ይቁሙ!» አለ።

የእኛ ምርጫ ወረቀት የለውም። ዕጩዎች ፊታቸውን ወደ ክፍሉ ግድግዳ አዙረው ይቆማሉ፤ መራጩ ከፈለገው ሰው ኋላ ይሰለፋል። ፊት የሚዞረው ለይሉኝታ ነው፤ ማን ትቶኝ ሄደ ብሎ ዕጩው ቂም እንዳይዝ። ቁጥሩ ተነግሮ እስኪያልቅ ዕጩው ፊቱን አይመልስም፤ ነውር ነው። ከባንዲራው መደብ ላይ ቆሞ የእያንዳንዱን ፊት የሚያየው ሊቀመንበሩ ነው፤ ስለ እሱ መመሪያው ምንም አይልም።

ሁለቱ ፊታቸውን አዞሩ። ዘጠና አራት ሰው ከአቶ ሰይፈ ሥላሴ ኋላ ተሰለፈ። ከወይዘሮ ገበያነሽ ኋላ ማንም አልነበረም። ሴትየዋ እግራቸውን ገጥመው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ የተላጠ ጭቃ እያዩ ቆመዋል። ከኋላቸው ባዶ ሜዳ እንዳለ አያውቁም፤ ወይም ያውቃሉ። አፈርሁ። በራሴም፣ በጻፍሁትም ወረቀት አፈርሁ።

«ቁጠር፤» አለኝ አሻግሬ።

መቁጠር ጀመርሁ። ሠላሳ አካባቢ ስደርስ ከሰልፉ መጨረሻ አንዱ «እዩ፣ እዩ!» አለ።

ቀና አልሁ። ከአምባ ጓሳ በሚወርደው ገደል አፋፍ ላይ ነጭ ነገር ይታያል። መጀመሪያ ጉም መሰለኝ። ግን እየወረደ፣ እየተጠማዘዘ፣ ከድንጋዩ ኋላ እየጠፋ እንደገና ብቅ ይላል። ሰው ነው። አንድ በአንድ ብቻ በሚያሳልፈው ቀጭን መንገድ ላይ ነጠላና ጋቢ የለበሰ ሕዝብ ተከታትሎ ይወርዳል፤ ፊተኛው ወንዙ ጋ ሲደርስ ኋለኛው ገና ከአፋፉ አልተነሣም። አራት ዓመት በዚህ ተራራ ሥር ስኖር ተራራው እንዲህ ሰው ሲያወርድ አላየሁም። 

«ዛሬ ምንድን ነው ቀኑ?» አለ አሻግሬ።

«ዐሥራ አራት። አቡነ አረጋዊ፤» አለ አንድ ሰው።

አሻግሬ ግንባሩን በመዳፉ መታ። የእሱ ደብር ጊዮርጊስ ነው፤ የእንዶድ ሜዳ ሰው ሃያ ሦስትን እንጂ ዐሥራ አራትን አያከብርም። የአምባ ጓሳ ደብር ግን አቡነ አረጋዊ ነው። ዓመታዊው በዓል ጥቅምት ላይ ስላለፈ አሻግሬ የወሩን ረሳው። የላይኞቹ ደግሞ በየወሩ በዐሥራ አራት፣ ገብሱ ቢረግፍ እንኳ፣ ማጭድ አያነሡም። ከዓመቱ ቀን ሁሉ መርጦ መርጦ መንደሩ በሙሉ ሥራ ፈትቶ አንድ ቦታ የሚሰበሰብበትን ቀን ነው የቆረጠላቸው።

«ቶሎ ቁጠር!» አለኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ።

«ቁጥሩ ጠፋብኝ፤» አልሁና እንደገና ከአንድ ጀመርሁ። ሆን ብዬ ነው፤ አልዋሽም። ሦስት ጊዜ ጠፋብኝ። በሃያ ዓመት ውስጥ በሒሳብ አስተማሪነቴ የኮራሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከፊት የገቡት አባ ሀብተ ሚካኤል ነበሩ፤ የደብሩ ቄስ። እግራቸው እስከ ጉልበታቸው አቧራ ነው።

«እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሴ ላይ ሁነን ነው የዘገየነ፤ ይቅር በሉን፤» አሉ።

 ሄደው ከወይዘሮ ገበያነሽ ኋላ ቆሙ። ከእሳቸው ኋላ ሌላው፣ ከሌላው ኋላ ሌላው። ሰልፉ ሜዳውን ጨርሶ በበሩ ወጣ፤ ገና የሚመጣ አለ። ግፊያ የለ፣ ጫጫታ የለ። ወይዘሮ ገበያነሽ አልዞሩም። 

አሻግሬ ግን እጅ የሚሰጥ ሰው አይደለም። ከመደቡ ወርዶ መመሪያውን አወጣ። «ከአንድ ቤት አንድ ወላጅ ነው የሚመርጠው። ያውም ልጁ በመዝገብ ያለ። በሁለቱም በኩል እናጣራለን። መምህር፣ መዝገቡን አምጣ፤» አለ። ደንብ ነው፤ ምን ይባላል?

ጠረጴዛ ወጣ። የታችኞቹን ቀድሜ አጣራሁ፤ ሁሉም ልጅ ያላቸው ናቸው፤ ዘጠና አራቱም ጸኑ። ከዚያ የላይኞቹ ተራ ሆነ። እያንዳንዱ እየቀረበ የልጁን ስምና ክፍል ይናገራል፤ እኔ መዝገብ ላይ አየዋለሁ። «አበባየሁ፣ ሦስተኛ ክፍል።» «ሰብስቤ፣ አንደኛ።» «መልከ ጼዴቅ፣ አንደኛ፤ ትንሽ ይንተባተባል፣ ግን ያነባል።» አራት ዓመት በእጄ የጻፍኋቸው ስሞች ናቸው። ቀለም ነበሩ ለእኔ፤ የወር ሪፖርት ማሟያ። አሁን አባትና እናት ሁለት ሰዓት ተጉዞ መጥቶ፣ ከፊቴ ቆሞ፣ እንደ ጸሎት አስተካክሎ ሲጠራቸው እጄ እየከበደኝ ሄደ።

አያቶች ወጡ። ባል ከቀረበ ሚስት ወጣች። ልጃቸው ገና ለትምህርት ያልደረሰ ሁሉ ወጡ። አንድም ሰው አላጉረመረመም፤ ወደ አጥሩ ሄደው ቆሙ። መጨረሻ ላይ ሰባ አንድ ቀሩ። ሰባ አንድ ለዘጠና አራት። አሻግሬ ትንፋሹን ለቀቀ።

«አንድ ሰው ይቀረናል፤» አሉ አባ ሀብተ ሚካኤል።

ከሰልፉ ጫፍ አንድ ሽማግሌ ቀረቡ። በስም አውቃቸዋለሁ፤ አያ ደርቤ ይባላሉ። ዝምተኛ ናቸው፤ ገበያ ላይ እንኳ ዋጋ የማይከራከሩ።

«የልጅዎ ስም፣ አያ ደርቤ?»

«ሃና ደርቤ።»

«ክፍል?»

«ሁለተኛ።»

ፈለግሁ። ሁለተኛ ክፍል ሃና የምትባል የለችም። ሦስተኛንም አየሁ፤ አንደኛንም። «መዝገብ ላይ የለችም፣ አያ ደርቤ፤» አልኋቸው።

«የለችማ፤» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ሜዳው ግን ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማ። «ከሄደች ስምንት ዓመት ሆናት። ያን ጊዜ ላይ ክፍል አልነበረነም፤ ሁሉም እዚህ ነበር የሚማር። የሰኔ ፈተና ነበረና፣ ዝናብ ነው ቅሪ ብላት፣ ፈተና ያመልጠኛል ብላ እያለቀሰች ሄደች። ውሃው ወሰዳት። ከዚያ ወዲያ ነው ያችን ክፍል የከፈቱልነ።»

አሻግሬ አንገቱን ደፋ። እሱ ያን ጊዜ ጎንደር ይማር ነበር፤ እኔም እዚህ አልነበርሁም። አራት ዓመት ሙሉ ቅርንጫፏ ለምን እንደተከፈተች ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

«እኔን አትቁጠሩኝ፤» አሉ አያ ደርቤ። «ልጅ የለኝም፤ ደንቡን አውቃለሁ። ሁሉም የልጁን ስም ሲጠራ፣ የሷም እዚህ ይጠራ ብዬ ነው የመጣሁ።»

ተመልሰው ወደ አጥሩ ሄዱ።

ከአቶ ሰይፈ ሥላሴ ሰልፍ ውስጥ አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅስ ነበር። ኋላ እንደሰማሁት ያን ሰኔ ሦስት ቀን ሙሉ ወንዙን ተከትለው ሬሳውን የፈለጉት የእንዶድ ሜዳ ሰዎች ናቸው፤ ያገኘው የእሷ ባል ነው። ያች ሴት ከሰልፉ ወጣች። አሻግሬ ጠረጴዛው አጠገብ እንደቆመ አየችው፤ እሱም አያት። ሜዳውን አቋርጣ ሄዳ ከወይዘሮ ገበያነሽ ሰልፍ መጨረሻ ቆመች።

ከዚያ ሌላ ሰው ወጣ። ከዚያ ሁለት። ከዚያ መከተል አቃተኝ። እነዚህ ሰዎች ብሎኩን ይፈልጉታል። ቆርቆሮውን፣ የሲሚንቶውን ወለል፣ ልጃቸው ብቻውን የሚቀመጥበትን ወንበር ይፈልጉታል። ሊቀመንበሩ እያያቸው፣ ነገ ለማዳበሪያም ለመታወቂያም ደጁን እንደሚጠኑ እያወቁ፣ አንድ በአንድ ያንን ሁሉ ትተው ተሻገሩ።  ሰው እንዲህ መሆን እንደሚችል አላውቅም ነበር፤ አላውቅም ነበር።

ቆጠርሁ። ይህን ጊዜ ቁጥሩ አልጠፋብኝም። አቶ ሰይፈ ሥላሴ ሠላሳ አንድ፣ ወይዘሮ ገበያነሽ መቶ ሠላሳ አራት።

ውጤቱን ስናገር ሁለቱም ዞሩ። አቶ ሰይፈ ሥላሴ ከኋላቸው የቀረውን ትንሽ ሰልፍ አዩ፤ ከዚያ ያንን ረጅሙን። «ሁሉን ሰምቻለሁ፤ መዞር ነውር ባይሆን እኔም መጥቼ ነበር፤» አሉና ወይዘሮ ገበያነሽን ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሳሟቸው። አሻግሬ አስቀድሜ የጻፍሁትን ቃለ ጉባኤ ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ አጥፎ ኪሱ ከተተ። በአዲሱ ላይ ፈረመ። አክብሬዋለሁ ለዚያ።

ወይዘሮ ገበያነሽ ወደ እኔ መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል። ሰብሳቢ ከሆኑ አምስት ደቂቃ አልሞላቸውም።

«መምህሬ፣ ያችን ክፍል አይተዋት ያውቃሉ?»

«አላየኋትም፤» አልሁ።

«እንግዲያው ዛሬ እንውጣ።»

ዶሮው ትዝ አለኝ፤ ሚስቴም። ስልክ ደወልሁና አትጠብቂኝ አልኋት።

ከሕዝቡ ጋር ወጣሁ። ወንዙ ጋ ስንደርስ ቆምሁ፤ ሳቄ ሊመጣ ነበር። ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ጋ አይደርስም። ጠጠር ላይ የሚንኮለኮል ቀጭን ነገር ነው፤ ሕፃን ዘሎ ይሻገረዋል። ይህ ነው እንዴ ያ ሁሉ?  አያ ደርቤ አጠገቤ ቆመው ነበርና ምን እንዳሰብሁ ከፊቴ አነበቡት መሰለኝ፤ በዱላቸው ወደ ላይ አመለከቱኝ።

ከወንዙ ዳር አንድ የወይራ ዛፍ አለ። ቅርንጫፎቹ መካከል ደረቅ ሣር፣ ጭራሮ፣ የተቀደደ ማዳበሪያ ከረጢት ተሰክቶ ተንጠልጥሏል። ንፋስ ያመጣው መስሎኝ ነበር። ቁመቴ ረጅም ነው፤ ትምህርት ቤት ውስጥ የሰሌዳውን ጫፍ ያለ ወንበር የምነካ እኔ ብቻ ነኝ። ጠጋ ብዬ እጄን ወደ ላይ ዘረጋሁ። በእግሬ ጣቶችም ቆምሁ። ከሣሩ አንድ ክንድ ያህል ቀረኝ።

እጄን ሳላወርድ ወደ አያ ደርቤ ዞርሁ።

«ውሃው እዚህ ድረስ መጥቶ ነበር? ያን ጊዜ?»

«ይሄስ የዘንድሮው ነው፣ መምህሬ፤» አሉኝ። «ዘንድሮ ደግሞ ዝናቡ ቀለል ብሎልነ ነበር።»